ከቀለሁ ውስጥ ያለው አይታይም
የሐረር መንገድ የጥይት ንግድና የካፕሱል፣ የባሩድና የአረር ስምምነት

በንግድ ሥራ ዕቃን በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶና በአፍንጫ አሽትቶ መግዛት የቆየ ልማድ ነው። ቡና በመዓዛውና በፍሬው ይለያል፤ ቆዳ በገጹና በውፍረቱ ይታወቃል፤ ቅቤም በጣዕሙ ይፈተናል። ጥይት ግን ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነ ዕቃ ነው። ከውጭ የሚያብረቀርቀው ናስ ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም። ውስጡን ለማወቅ ወይ መተኮስ ወይ መፍታት ያስፈልጋል፤ የተተኮሰው ወይም የተፈታው ጥይት ደግሞ ተመልሶ ለገበያ አይሆንም። ስለዚህ ጥይት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሠሪውን ቃል ጭምር ነው። ቃሉ ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ኪሣራው በገንዘብ ብቻ አይቀርም፤ ዓይንና ጣትም ሊወስድ ይችላል።

ይህ ጉዳይ ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚሄደው አውራ ጎዳና አዋሽን ከተሻገረ በኋላ በቆላው በቦርደዴ በኩል አልፎ ወደ ሚኤሶ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ማለት ወደ ጭሮ ይወጣል። በዚህ በጨርጨር ምድር ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ጨርቅና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ወደ መሐል አገር ሲወጣ ኖሯል። ከባሕር በኩል ከሚመጣው ሸቀጥ ውስጥ አንዱ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይም እጅግ ተፈላጊው፣ የጦር መሣሪያና ጥይት ነበረ።

የአንድ ነጋዴ ኪሣራ

ከጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ሁሉ በዓለም ዘንድ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነው። በሀገሩ በባለቅኔነቱ ይታወቃል፤ በሐረር ግን የሚታወቀው በቡናና በቆዳ ነጋዴነቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1886 መጨረሻ) ከተጁራ ወደብ ተነሥቶ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ ዕቃ በግመል ጭኖ የአፋርን በረሃ አቋረጠ። ጭነቱ 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግቶን ጥይት ነበር።

ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ሠራዊት ዘንድ ከአገልግሎት ከወጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ራምቦ ራሱ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ገለጸው፣ እንዲህ ያለው አሮጌ ጠመንጃ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ 7 ወይም 8 ፍራንክ ይገዛ ነበር፤ በሸዋ ግን ወደ 40 ፍራንክ ያወጣ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የሚበልጥ ትርፍ አይገኝም። ነገር ግን የንግድ ሸሪኩ ላባቱ ቅፍለቱ ገና ሳይነሣ ሞተ፤ ከእርሱ ጋር ሊሄድ የነበረው ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም እንዲሁ ሞተ። ራምቦ ሸዋ ሲደርስ ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ንጉሡም ዕቃው በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከልክለው ሁሉንም በጅምላ፣ በተቀነሰ ዋጋ ገዙት፤ የላባቱ ባለ ዕዳዎችም ድርሻችን ይሰጠን እያሉ ተነሡ። በመጨረሻ ሒሳቡ ሁሉ ተጣርቶ የቀረለትን 9,000 ብር በሐረር እንዲቀበል ወረቀት ተጽፎለት በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ተመለሰ።

የራምቦን ኪሣራ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ በሸሪኩ ሞትና በዕዳው ያሳብባሉ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የጭነቱን ዝርዝር በነጋዴ ዓይን የሚመለከት ሰው ሌላም ነገር ያያል። በአንድ ቅፍለት ሁለት ዘመን ተጭኖ ነበር። ባለ ካፕሱሉ ጠመንጃ ባሩዱና አረሩ በአፈ ሙዙ በኩል ለየብቻ የሚጨመሩበት፣ እሳት ሰጪው የመዳብ ካፕሱል ደግሞ በውጭ በኩል የሚደፋበት አሮጌ ሥራ ነው። የረሚንግቶን ጥይት ግን ካፕሱሉን፣ ባሩዱንና አረሩን በአንድ የናስ ቀለህ አዋሕዶ የያዘ አዲስ ሥራ ነው። ገዢው አዲሱን ባወቀ ጊዜ የአሮጌው ዋጋ መውደቁ የማይቀር ነበር።

ካፕሱል ባሩድን የሚገዛበት ምክንያት

ባሩድ በኢትዮጵያ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የባሩድ ጨው፣ ድኝና ከሰል ነው። ድኝ በአፋር በረሃ ይገኛል፤ ከሰልም በየሀገሩ አለ። አረርንም ቢሆን ማንኛውም ብረት ሠሪ እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ ያፈስሰዋል። እሳቱ በክብሪት ገመድ በሚለኮስበት በቀድሞው ነፍጥ ዘመን ባለ ጠመንጃው የውጭ ነጋዴን ደጅ ሳይጠና መኖር ይችል ነበር።

ካፕሱል በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 እ.ኤ.አ. በመዶሻ ሲመታ የሚፈነዳ ቅመምን ለጠመንጃ እንዲያገለግል አድርጎ የባለቤትነት መብት ካወጣ በኋላ፣ ያ ቅመም በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ እየተደረገ በዓለም ተሠራጨ። በውስጡ የነበረው ከባዜቃ የተሠራ ፈንጂ ነው። ይህን መሥራት የኬሚስት ሙያ እንጂ የብረት ሠሪ ሙያ አይደለም፤ በግምት ሊሠራው የሞከረ ሰው እጁን ያጣል። ስለዚህ ባሩድና አረር በቤት ሲገኝ፣ ከአተር ፍሬ የማይበልጠው ካፕሱል ግን ከባሕር ማዶ መምጣት ግድ ሆነበት። ካፕሱል ያለቀበት ጠመንጃ ዱላ ነው። እንግዲህ ከሁሉ የሚያንሰው ዕቃ የሌሎቹን ሁሉ ዋጋ የሚወስን ሆነ።

ጥይት ገንዘብ በሆነ ጊዜ

ጥይት በአንድ ቀለህ ተዋሕዶ መምጣት ከጀመረ በኋላ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ማገልገል ጀመረ። ጠገራው ብር ለጥቃቅን ግብይት የሚከብድ ስለ ሆነ አሞሌ ጨውና ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዞሩ ነበር። በተለይም በአማርኛ ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይት በየገበያው የታወቀ ነበር። ጥይት ለገንዘብነት የሚያመች ጠባይ አለው፤ መጠኑ እኩል ነው፣ አይበሰብስም፣ ለመቍጠር ይቀላል፣ ሁልጊዜም ፈላጊ አለው።

ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ጥይት አይተኮስም። ሳይተኮስ ሲቀር ውስጡ የሚታወቅበት መንገድ የለም። አንዱ ጥይት ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ ሌላው አንድ ጊዜ ተተኩሶ ቀለሁ ተለቅሞ እንደ ገና የተሞላ ነው። በገበያ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይሄዳሉ። በገንዘብ ላይ ሐሰተኛ ብር እንደሚገባ ሁሉ በጥይትም ላይ ጕድለት የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ ልዩነቱ ሐሰተኛው ብር ተቀባዩን ሲያከስር፣ መጥፎው ጥይት ግን ተኳሹን መጕዳቱ ነው።

አደጋው የበለጠ የከፋው ጢስ የሌለው ባሩድ ከመጣ በኋላ ነው። ይህን ባሩድ ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ ፈረንሳይም በ1886 እ.ኤ.አ. ለለበን ጠመንጃ አዋለችው። የአዲሱ ባሩድ ኃይል በክብደት ሲመዘን የጥቁሩን ባሩድ ሦስት እጥፍ ያህላል። ውጅግራና ረሚንግቶን የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። የጥቁር ባሩድ አሠራር ቀለሁን እስከ አረሩ ሥር መሙላት ነው፤ ይህን ልማድ ይዞ ያንኑ ቀለህ በአዲሱ ባሩድ የሚሞላ ሰው ጠመንጃውን በፊቱ ላይ ያፈነዳዋል። እጁ አልተሳሳተም፤ ልማዱ ግን ከዕቃው ጋር አልተስማማም።

የካፕሱል ምርጫ

ዛሬ በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የተተኮሰ ቀለህን ሰብስቦ በእጅ መሙላት ሕግ የፈቀደው የዒላማ ተኳሾችና የአዳኞች ሙያ ነው። ለዚህም ካፕሱል፣ ባሩድ፣ አረርና ቀለህ ለየብቻቸው የሚሸጡበት ሰፊ ንግድ አለ። በተለይ የሽጉጥ ጥይት በብዛት ስለሚተኮስ በብዛት ይሞላል። የሙያው ዋና ትምህርት ከላይ ከተነገረው ታሪክ ጋር አንድ ነው፤ አራቱ ክፍሎች እርስ በርሳቸውና ከመሣሪያው ጋር ካልተስማሙ እያንዳንዱ ለብቻው ጥሩ መሆኑ አይጠቅምም።

የሽጉጥ ካፕሱል በሁለት መጠን ይሠራል። ትንሹ በወርዱ 4.45 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 5.33 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጠመንጃ ካፕሱልም በእነዚሁ ሁለት ወርዶች ይሠራል፤ ስሕተት የሚመጣውም ከዚህ ነው። የሽጉጥ መምቻ ምቱ ቀላል ስለ ሆነ የሽጉጥ ካፕሱል ቆቡ ስስ ነው። የጠመንጃ ካፕሱል በሽጉጥ ጥይት ውስጥ ቢገባ መምቻው ሳያስነሣው ሊቀር ይችላል። የሽጉጡ ካፕሱል ደግሞ በጠመንጃ ጥይት ውስጥ ቢገባ ከፍተኛው ግፊት ቆቡን በስቶ ትኵስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል። ትልቁ የጠመንጃ ካፕሱል ከትልቁ የሽጉጥ ካፕሱል ቁመቱ ስለሚበልጥ በሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ወጣ ብሎ ይቀራል፤ ይህም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ከዚህ ሌላ ማግነም የሚባል፣ እሳቱ የበረታ ካፕሱል አለ። እርሱ የሚያገለግለው ባሩዱ ብዙ ለሆነበት ወይም በቀላሉ ለማይያያዝ ባሩድ ነው። ተራውን ካፕሱል በማግነም የሚተካ ሰው ባሩዱን ሳይነካ ግፊቱን ለውጧል ማለት ነው።

የቀለሁም አሠራር በካፕሱል ንግድ ላይ ለውጥ ያመጣል። አሜሪካዊው በርዳን የፈለሰፈው አሠራር በአውሮፓ ሰፋ፤ እንግሊዛዊው ቦክሰር የፈለሰፈው ደግሞ በአሜሪካ ሰፋ። የቦክሰር ቀለህ በመካከሉ አንድ የእሳት ቀዳዳ ስላለው አሮጌውን ካፕሱል በቀጭን ዘንግ ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው። የበርዳን ቀለህ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ካፕሱሉን ማውጣት አድካሚ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቀለሆች በውጭ መልካቸው አንድ ቢሆኑም እንደ ገና ለመሙላት ያላቸው ዋጋ እጅግ የተለያየ ነው።

የባሩድ ምርጫ

ባሩድ የሚመረጠው በሚነድበት ፍጥነት ነው። የጠመንጃ አረር ረጅም በርሜል ውስጥ ስለሚጓዝ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ እየገፋው ይሄዳል። የሽጉጥ በርሜል ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና አረሩ ሳይወጣ ተቃጥሎ የሚያልቅ ፈጣን ባሩድ ይፈልጋል። የጠመንጃ ባሩድ በሽጉጥ ቢተኮስ ግማሹ ሳይነድ በአፈ ሙዝ ይወጣል። የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ልክ ተሞልቶ ቢተኮስ ደግሞ መሣሪያውን ይሰባብረዋል። ባሩዶች በቀለም ተመሳሳይ ናቸው፤ ቅንጣታቸውም ቅጠል፣ ኳስ ወይም በትር የመሰለ ቢሆንም በመልክ ብቻ ፍጥነታቸውን ማወቅ አይቻልም። ስም ያልተጻፈበት ባሩድ ዋጋ የለውም የሚባለው ስለዚህ ነው፤ ዕውቀት ያለው ሰው ይደፋዋል እንጂ አይገምተውም።

በጣም ፈጣን ባሩድ ጥቂቱ ስለሚበቃ ቆጣቢ ይመስላል። ነገር ግን ከቀለሁ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር ላይታወቅ ይችላል፤ ሽጉጥ በእጅ ውስጥ ከሚፈነዳባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው መጠኑ ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላ ባሩድ ይመርጣል፤ ሁለት ጊዜ ቢጨመር ፈስሶ ራሱን ያጋልጣልና። ጥቂት ሳንቲም የሚያስከፍለው ጥንቃቄ ትልቁን ኪሣራ ያስቀራል።

የአረር ክብደት

የአረር ክብደት በዓለም ገበያ የሚነገረው በግሬን ነው፤ 1 ግሬን ከ0.065 ግራም ጥቂት ያንሳል። በብዛት የሚሸጠው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤሉም ጥይት በተለመደ አሠራር 115፣ 124 ወይም 147 ግሬን አረር ይይዛል፤ ይህም ወደ 7.5፣ 8 እና 9.5 ግራም ነው። ገዢው ክብደት ሲጨምር ባሩዱም መጨመር አለበት ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ከባድ አረር በቶሎ አይነቃነቅም፤ ረዘም ስለሚልም ወደ ቀለሁ ጠልቆ ይገባና ለባሩዱ የሚቀረውን ቦታ ያጠባል። በጠበበ ቦታ ግፊት ይበረታል። ስለዚህ ለከባዱ አረር ባሩዱ ይቀነሳል።

የአረሩም ዓይነት እንደ ክብደቱ ይቈጠራል። ንጹሕ እርሳስ ለስላሳ ስለ ሆነ በከፍተኛ ፍጥነት በርሜሉ ውስጥ እየተላጠ ይቀራል፤ መዳብ የለበሰው ደግሞ ከበርሜሉ ጋር የበለጠ ይፋተጋል። ክብደታቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ አንዱን በሌላው መተካት ልክ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው አንድ ሕግ ነው። መጠኑ የሚወሰደው ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ ፈትኖ ካሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ከወሬ አይወሰድም። ካፕሱል፣ ባሩድ፣ አረር ወይም ቀለህ አንዱ እንኳ ሲለወጥ ከተጻፈው የመጨረሻ ልክ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ገና መጀመርና ቀስ በቀስ መውጣት ግዴታ ነው።

ስም መሳሳት

በአሜሪካ መለኪያ መሠረት የፓራቤሉም ጥይት የግፊት ወሰን በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች 35,000 ፓውንድ ነው። የባለ .45 አውቶማቲክ ሽጉጥ ወሰን 21,000፣ የባለ .38 ስፔሻል ስድስት ጎራሽ ወሰን ደግሞ 17,000 ነው። እንግዲህ ትልቁ አረር ከትንሹ ያነሰ ግፊት ሲኖረው ይታያል። የጥይትን ኃይል በውፍረቱ የሚገምት ሰው ይሳሳታል።

ስሙም ያሳስታል። የሩስያው የማካሮቭ ጥይት 9 ሚሊ ሜትር ይባላል፤ አረሩ ግን 9.27 ሚሊ ሜትር፣ የቀለሁም ርዝመት 18 ሚሊ ሜትር ነው። የፓራቤሉሙ አረር 9.01 ሚሊ ሜትር፣ ቀለሁ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም በገበያ ቋንቋ «ባለ ዘጠኝ» ይባላሉ፤ አንዱ ግን ለሌላው አይሆንም። የማውዘር ሽጉጥ ባለ 7.63 ጥይትና የቶካሬቭ ባለ 7.62 ጥይትም ሊለዩ እስከማይችሉ ድረስ ይመሳሰላሉ፤ የቶካሬቩ ግን ብዙውን ጊዜ የበረታ ስለ ሆነ አሮጌውን ማውዘር ይጐዳል። ስለዚህ በፋክቱር ላይ የሚጻፈው ስም የአረሩን ውፍረት ብቻ ሳይሆን የቀለሁን ርዝመትና የጥይቱን ሙሉ ስም መያዝ ይገባዋል።

ቆላና ደጋ

በምዕራብ ሐረርጌ ለዚህ ዕቃ ሌላም ጠላት አለ። እርሱም ሙቀት ነው። አሰበ ተፈሪ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ወይና ደጋ ናት፤ ቦርደዴና ሚኤሶ ግን የበረሃ ሙቀት የሚያገኛቸው ቆላዎች ናቸው። ጢስ የሌለው ባሩድ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ሲበላሽም የሚከረፍፍ የአሲድ ሽታና ቡናማ ትቢያ ያወጣል። በብዙ ባሩዶች ዘንድ የጋለ ጥይት ሲተኮስ ግፊቱ ከቀዝቃዛው ከፍ ይላል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር በቆላ የከረመ ጥይት ሣጥኑ አዲስ ቢመስልም አዲስ አይደለም።

አሮጌው ካፕሱልም የራሱ ጣጣ አለው። በባዜቃ የተሠራው የናሱን ቀለህ ያደርቀውና እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ፖታስየም ክሎሬት ያለበት ደግሞ ከተተኮሰ በኋላ በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨውም እርጥበት ስቦ በርሜሉን ያዝገዋል። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ ካፕሱሎች ከእነዚህ ሁለት ጕድለቶች የጸዱ ናቸው፤ አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ግን እንዲህ ነው ተብሎ ሊታመን አይገባውም።

የጨርጨር ምድር ልክና መጠን የሚያውቅ ገዢም አይቶ ነበር። አሰበ ተፈሪን ያቋቋሙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ የመድፈኝነት ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። መድፈኛ ባሩድን በሚዛን፣ አረርን በክብደት፣ ርቀትን በቍጥር የሚያውቅ ባለ ሙያ ነው። እርሳቸውም ከተማን በፕላን፣ አስተዳደርን በሥርዓት ለማቆም በመጣራቸው ጨርጨር በዘመኑ እንደ ምሳሌ ይታይ ነበር።

የአስመጪውና የባለ ሱቁ ፋንታ

የጦር መሣሪያ ንግድ በኢትዮጵያ ልቅ ሆኖ የኖረበት ዘመን አጭር ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ መሣሪያ ዝውውር እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1930) ደግሞ ኢትዮጵያ ራስዋ ተዋዋይ ሆና ከሦስቱ መንግሥታት ጋር በፓሪስ ስለ መሣሪያ ማስገባት ውል ፈረመች። ዛሬ የሀገሪቱ የጥይት ሥራ በአምቦ አካባቢ በሚገኘው በሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ የመንግሥት ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያና ጥይት ማስገባትን፣ መሥራትንና መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ጥይትን በቤት መሙላት የዒላማ ተኳሽ ጨዋታ ሳይሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ሥራ ነው።

ፈቃድ ላለው አስመጪና ለወኪሉ የሚጠቅመው ነገር አራቱ ክፍሎች በጉምሩክና በመጓጓዣ ዘንድ አንድ ዕቃ አለመሆናቸውን ማወቅ ነው። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ የተሠራ ጥይትና ክፍሎቹ በ93.06፣ ባሩድ በ36.01፣ ካፕሱል በ36.03 ይመደባሉ። በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች መዝገብ የሽጉጥና የጠመንጃ ጥይት ቍጥሩ 0012፣ ክፍሉ 1.4ኤስ ነው፤ ካፕሱልም በፋብሪካ ማሸጊያው ሳለ ቍጥሩ 0044 ሆኖ በዚያው ክፍል ይገኛል። ጢስ የሌለው ባሩድ በተለመደው ምደባው 0161፣ ክፍል 1.3ሲ ሲሆን፣ ጥቁሩ ባሩድ ከሁሉ አስፈሪ ሆኖ በ0027፣ በክፍል 1.1ዲ ተመድቧል።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ትምህርት ይገኛል። የተሠራው ጥይት ለመጓጓዣ ከባሩዱ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። የካፕሱሉም ደኅንነት ያለው በማሸጊያው ነው፤ እያንዳንዱ በየጎጆው ተለይቶ ተቀምጧልና። ከማሸጊያው ወጥቶ በአንድ ጣሳ የተጠራቀመ ካፕሱል ግን አንዱ ሲነሣ ሁሉም በአንድነት ይፈነዳል። የፋብሪካውን ሣጥን ቀድዶ ዕቃውን በሌላ ዕቃ መገልበጥ በሌላ ሸቀጥ የቦታ ቍጠባ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሸቀጥ ግን ሞትን መጋበዝ ነው።

ለተራው ባለ ሱቅ የሚቀረው ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማልያ ጦርነት በሐረርጌ ምድር ተካሂዷል፤ ከጦርነት በኋላ ደግሞ ናስ በምድር ላይ ይቀራል። ውዳቂ ብረታ ብረት የሚገዛ ነጋዴ ቀለህን በኪሎ ሲመዝን ከመካከሉ ያልተተኮሰ ጥይት፣ ወይም ካፕሱሉ ያልነደደ ቀለህ ሊገኝበት ይችላል። የተተኮሰ ካፕሱል በመካከሉ የመምቻ መርፌ የተወው ጐድጓዳ ምልክት አለው፤ ምልክት የሌለው ካፕሱል ሕይወት አለው ብሎ መተው ይገባል። ምልክት ያለውም ቢሆን አረሩ ከላዩ ካልወጣ የከሸፈ ጥይት ነውና ከሁሉ የበለጠ ያስፈራል። እንዲህ ያለው ዕቃ በመዶሻ አይመታም፣ ወደ ማቅለጫም አይገባም፤ ባለበት ትቶ ለፖሊስ ማስታወቅ እንጂ።

ጥይትን በዕዳ ምትክ ወይም በመያዣ መቀበልም እንደዚሁ ነው። አያቶች ጥይትን ከአሞሌ ጋር እየቈጠሩ መገበያየታቸው የዘመኑ ሁኔታ ያመጣው ነው፤ ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ በዱቤ መዝገብ ውስጥ በገንዘብ ፈንታ ጥይት የጻፈ ባለ ሱቅ ሁለት ኪሣራ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። አንደኛው በሕግ ይጠየቅበታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ማን እንደ ሞላው፣ በምን ባሩድ እንደ ተሞላ፣ በየትኛው ቆላ ስንት ዓመት እንደ ከረመ የማያውቀውን ዕቃ በልጆቹ ቤት ያስቀምጣል።

የቡና ነጋዴ ስለ ቡናው ጥራት ቢጠየቅ ጆንያውን ፈትቶ ያሳያል። ጥይትን እንዲህ ፈትቶ ማሳየት አይቻልምና የሚታመነው የሠሪው ማኅተም፣ ያልተቀደደው ማሸጊያና የመንግሥት ፈቃድ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለበት ጥይት ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው።